በሪሞት የምነዳት መኪና ኩርባ ላይ ለምን ትቆም እንደነበር

በሪሞት የምነዳት መኪና አለችኝ። ከትልቅ መኪና በአሥር እጥፍ የምታንስ፣ በአራቱም ጎማዎቿ የምትገፋ፣ ብሩሽ በሌለው ሞተርና ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ የምትሠራ ናት። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የሰፈራችን ልጆች ኳስ ሊጫወቱ ከመምጣታቸው በፊት፣ ገረጋንቲ በተደለደለበት ሜዳ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ይዣት እወጣለሁ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አንድ ብልሽት ጀመራት። በሙሉ ፍጥነት እየሄደች መሪዋን በኃይል ስጠመዝዘው ድንገት ትደርቃለች፤ ሞተሩም መሪውም አይታዘዙም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ትመለሳለች። በእነዚያ አጭር ጊዜያት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሜዳው ግንብ ጋር ተጋጭታ የፊት ጎማዋን የሚሸከመው ፕላስቲክ ተሰብሯል።

የጠየቅኋቸው ሁሉ የሰጡኝ መልስ አንድ ነበር፦ ሪሞቱ አይደርስም። እኔም አምኜ መኪናዋ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን ሪሲቨር አንቴና አቃናሁ፣ ቦታውን ቀየርኩ፣ በመጨረሻም ሪሲቨሩን ራሱን በአዲስ ተካሁት። ችግሩ ግን በ10 ሜትር ርቀትም በ60 ሜትር ርቀትም እኩል ይከሰት ነበር፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን ገንዘቡን ካወጣሁ በኋላ ነው። መኪናዋ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ሳላውቅ በግምት ዕቃ መለወጤን ማቆም እንዳለብኝ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ ውስጥ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሬዲዮ የምትታዘዘውን ጀልባውን ለሕዝብ ካሳየ ወዲህ፣ በትርፍ ጊዜያችን የምንነዳቸው አብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች አሠራራቸው ያው ነው፤ ሰው ያዝዛል፣ ማሽኑ ይፈጽማል። ቴሌሜትሪ ማለት ማሽኑ ስለ ራሱ ሁኔታ መልሶ እንዲነግረን ማድረግ ነው፤ ባትሪው ስንት ቮልት ላይ እንዳለ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደጋለ፣ ጎማው በምን ፍጥነት እንደሚዞር በየቅጽበቱ ይልክልናል።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። ለቴሌሜትሪው የምገጥመው ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ ያዳምጣል እንጂ አያዝዝም። ከሪሲቨሩ መሪውን ወደሚያዞረው ሰርቮና ወደ ሞተሩ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ወደ ኢኤስሲው፣ የሚሄደውን መስመር አልቆርጥም፤ ከጎኑ ቀጭን ሽቦ አውጥቼ እሰማዋለሁ እንጂ በመሐል አልገባበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጻፍኩት ፕሮግራም ቢሳሳት ወይም ቦርዱ ቢደነዝዝ መኪናዋ በሪሞቱ መታዘዟን መቀጠል አለባት። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነገር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየበረረ ልጆች ወዳሉበት ቢሄድ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ብዙ ጀማሪዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር የሪሲቨሩን ምልክት በማይክሮኮንትሮለሩ በኩል ማሳለፍ ነው፤ እኔ ግን ይህ ከሁሉም መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚሰማው ምልክት ራሱ ቀላል ነው። ሪሲቨሩ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ማለትም በየ20 ሚሊሰከንዱ፣ አንድ አጭር ምት ይልካል። ምቱ 1500 ማይክሮሰከንድ ሲረዝም መሪው መሐል ላይ ይቆማል፤ ወደ 1000 ሲያጥር ወደ አንዱ ወገን፣ ወደ 2000 ሲረዝም ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። የሞተሩም ትእዛዝ እንደዚያው ነው፤ የሪሞቱን ቃታ ስስብ ምቱ ይረዝማል፣ ፍሬን ስይዝ ያጥራል። ማይክሮኮንትሮለሩ ምቱ የጀመረበትንና ያበቃበትን ጊዜ መዝግቦ ልዩነቱን ካሰላ፣ እጄ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳዘዘ ያውቃል። ይህ ቁጥር ከቮልቴጁ ጎን ለጎን ባይመዘገብ ኖሮ ኋላ ላይ ያገኘሁትን ነገር አላገኘውም ነበር።

ቦርዱን ለመምረጥ ብዙ ጊዜ አልፈጀሁም። መሳቢያዬ ውስጥ አንድ አርዱዊኖ ናኖ ነበረኝ፤ በ16 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ 2 ኪሎባይት ብቻ የማስታወስ አቅም ያለውና ገመድ አልባ ግንኙነት የሌለው ነው። ለዚህ ሥራ ኢኤስፒ32 ይሻላል፤ ዋይፋይ አለው፣ እስከ 240 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ኮሮች (የማስሊያ ክፍሎች) አሉት፣ ዋጋውም ቢሆን የሚያስጨንቅ አይደለም። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ እግሮቹ፣ ማለትም ሽቦ የሚገባባቸው ማያያዣዎቹ፣ የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ከሪሲቨሩ የሚመጣው ምልክት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል ብሎ በሁለት ሬዚስተር ቀንሶ ማስገባት ተገቢ ነው። ቦርዱንና ትርፍ ባትሪውን ከዱባይ ያመጣችልኝ እህቴ ናት። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ተከቶ ወደ ጭነት ክፍል መግባት የለበትም፤ በእጅ መያዝ አለበት። የእኔው 7.4 ቮልትና 5000 ሚሊአምፔርሰዓት ስለሆነ 37 ዋትሰዓት ይመጣል፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚፈቀደው 100 ዋትሰዓት በጣም ያነሰ ነው። ሰው የሚልክ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ቢነግር መልካም ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ፤ የከሸፈበት መንገድ ግን ብዙ አስተምሮኛል። ኢኤስሲው የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 6 ቮልት ቀንሶ ለሪሲቨሩና ለሰርቮው የሚያቀብልበት መስመር አለው፤ ባለሙያዎቹ ቢኢሲ ይሉታል። ሪሲቨሩ ላይ አንድ ባዶ ማስገቢያ ስለነበረ ኤሌክትሪኩን ለኢኤስፒ32ም ከዚያው ወሰድኩለት። ሜዳ ወጥተን መኪናዋን ኩርባ ላይ እንደለመደችው አደረቅኋት፤ ከዚያም ላፕቶፑን ከፍቼ የተመዘገበውን ሳይ መዝገቡ ልክ መኪናዋ ልትቆም ስትል ይቋረጣል። ከሦስት ሰከንድ በኋላ ቦርዱ እንደ አዲስ ተነሥቶ ከዜሮ መቁጠር ጀምሯል። ማስረጃውን እንዲይዝልኝ የላክሁት ምስክር አደጋው በደረሰበት ቅጽበት ራሱን ስቷል ማለት ነው። ተናድጄ ልተወው ስል የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ እሱም አብሮ ጠፋ ማለት እኮ መብራት ጠፋ ማለት ነው» አለኝ። ልክ ነበር። ሬዲዮው ቢቋረጥ ኖሮ ማይክሮኮንትሮለሩን የሚነካው ነገር አይኖርም ነበር፤ አብረው የጠፉት የሚጋሩት ኤሌክትሪክ ስለወደቀ ነው።

ስለዚህ ለመዝጋቢው የራሱን መስመር አወጣሁለት። ሊፖ ባትሪ ሴሎቹን በእኩል ለመሙላት የሚያገለግል ነጭ ትንሽ ሶኬት አለው፤ በባለ ሁለት ሴሉ ላይ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ። ከዚያ ላይ ወስጄ በትንሽ ቮልቴጅ ቀናሽ ወደ 5 ቮልት አውርጄ ለቦርዱ ሰጠሁት። ይህ አሠራር ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ የመሐለኛው ሽቦ የአንዱን ሴል ቮልቴጅ ብቻውን ስለሚሰጥ ከጠቅላላው ላይ ቀንሶ ሁለቱን ሴሎች ለየብቻ ማየት ይቻላል። አንዱ ሴል 3.7 ላይ ሳለ ሌላው 3.3 ከሆነ ባትሪው እያረጀ ነው፤ ጠቅላላውን ብቻ ለሚያይ ሰው ግን 7.0 ቮልት ጤነኛ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሳይቸኩል እንዲያነበው የምፈልገው አደጋ አለ። ማይክሮኮንትሮለሩ የሪሲቨሩን ምልክት እንዲሰማ የሁለቱ ኔጋቲቭ መያያዝ አለበት። በዚያ ምክንያት የባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ኢኤስሲው የሚደርስበት መንገድ ሁለት ይሆናል፤ አንደኛው ወፍራሙ ዋና ሽቦ ሲሆን ሁለተኛው በነጩ ሶኬት ቀጭን ሽቦ፣ በማይክሮኮንትሮለሩና በሪሲቨሩ በኩል የሚያልፈው ነው። የዋናው ሶኬት ኔጋቲቭ በንቅናቄ ቢላላ፣ ሞተሩ የሚስበው ብዙ አሥር አምፔር መንገድ ፍለጋ በዚያ ቀጭን ሽቦ ይሮጣል፤ ሽቦው ይቀልጣል፣ ቦርዱ ይቃጠላል፣ አጠገቡ ያለው ሊፖም አደጋ ላይ ይወድቃል። እኔ በነጩ ሶኬት ኔጋቲቭ ላይ 1 አምፔር ፊውዝ አስገብቻለሁ፤ ሲሰካም ሁልጊዜ መጀመሪያ ዋናውን ሶኬት፣ ሲነቀል ደግሞ መጀመሪያ ነጩን ሶኬት እናደርጋለን። የእህቴ ልጅ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፎ ቦዲው ውስጥ በፕላስተር ለጥፎታል።

ቮልቴጅ መለካት ቀላል የሚመስል ግን ተንኮል ያለበት ሥራ ነው። ሙሉ የተሞላ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ 8.4 ቮልት ስለሆነ በ30 ኪሎኦምና በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ከፍዬ ወደ 2.1 ቮልት አወረድኩት። የኢኤስፒ32 መለኪያ ከታች ዜሮ አጠገብና ከላይ ጣሪያው አጠገብ ስለሚዛባ መሐሉን መጠቀም ይሻላል፤ ያም ሆኖ በመልቲሜትር እያመሳከርኩ በአምስት ቦታ አርሜዋለሁ። ሌላው ብዙ ሰው ግማሽ ቀን የሚያባክንበት ነገር፣ ዋይፋዩ ሲበራ የቦርዱ ሁለተኛ የመለኪያ ክፍል ከጥቅም ውጭ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሽቦዎቹ ከ32 እስከ 39 ባሉት እግሮች ላይ ብቻ መግባት አለባቸው።

ትልቁ ስሕተት ግን የሚሠራው ከተለካ በኋላ ነው። ብዙዎቹ በይነመረብ ላይ የሚገኙ ፕሮግራሞች ቮልቴጁን በሰከንድ አሥር ጊዜ አንብበው አማካዩን ያሳያሉ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው አደረግኩ፤ መዝገቡ ላይ የቢኢሲው መስመር 5.9 ቮልት ሆኖ ቀጥ ያለ መስመር ይታየኝ ነበር፤ ደህና ነው ብዬ ወደ ሌላ ነገር ልሄድ ነበር። ከዚያ በሰከንድ 1000 ጊዜ እንዲያነብ አድርጌ በየ50 ሚሊሰከንዱ ሦስት ቁጥር ብቻ እንዲልክልኝ አዘዝኩት፦ ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውንና አማካዩን። በማግስቱ ሜዳ ላይ ዝቅተኛው ቁጥር ታሪኩን ተናገረ። መሪው ወደ ጥግ የታዘዘባት ቅጽበት ላይ የ6 ቮልቱ መስመር ወደ 3.4 ቮልት ይወድቃል፤ 40 ሚሊሰከንድ ያህል እዚያው ቆይቶ ይመለሳል። ለ40 ሚሊሰከንድ 2.6 ቮልት የወደቀ መስመር በሰከንድ አማካይ ሲታይ የሚያጓድለው 0.1 ቮልት ብቻ ነው፤ 5.9 ያልኩት ያ ነበር። በየ100 ሚሊሰከንዱ አንዴ የሚያነብ መለኪያም ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ሳያየው ያልፋል። ብልሽትን ለሚፈልግ ሰው አማካይ ቁጥር እውነቱን ይሸፍንበታል፤ የሚያስፈልገው የወደቀበት ጥግ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በነሐሴ ወር የመሪውን ሰርቮ ጉልበት ባለው ቀይሬው ነበር። አዲሱ ሰርቮ ጎማው ገረጋንቲ ውስጥ ሲነክስና ተገትሮ ሲገፋ ከ2.5 አምፔር በላይ ይስባል፤ የኢኤስሲው ቢኢሲ ደግሞ የሚችለው 2 አምፔር ነው። ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ቮልቴጁን ይጥላል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል፣ እንደገና ተነሥቶ ከሪሞቱ ጋር እስኪገናኝ ድረስ መኪናዋ ባለቤት የላትም። ሪሞቱ፣ አንቴናው፣ የቀየርኩት ሪሲቨር፣ ሁሉም ንጹሕ ነበሩ።

መፍትሔ ተብሎ በብዛት የሚነገረው ሪሲቨሩ ላይ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅም ትልቅ ካፓሲተር መሰካት ነው። 2200 ማይክሮፋራድ ገዝቼ ሰካሁ፤ ዝቅተኛው ቁጥር ከ3.4 ወደ 3.6 ብቻ ከፍ አለ። ሒሳቡን አስቀድሜ ብሠራ ኖሮ ባልደከምኩ ነበር። 1 አምፔር ሲጎድል ይህ ካፓሲተር በእያንዳንዱ ሚሊሰከንድ 0.45 ቮልት ያህል ይወርዳል፤ ለሁለት ለሦስት ሚሊሰከንድ ጉድለት ይረዳል፣ ለ40 ሚሊሰከንድ ግን የሚደርስ አይደለም። የሠራው መፍትሔ 5 አምፔር የሚችል የተለየ የ6 ቮልት መቀነሻ ከባትሪው ላይ አውጥቶ ለሪሲቨሩ መስጠት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ምንጮች እንዳይጋጩ ከኢኤስሲው ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ ነቅሎ በፕላስተር መጠቅለል ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ዝቅተኛው ቁጥር ከ5.8 ቮልት ወርዶ አያውቅም፤ መኪናዋም ኩርባ ላይ ቆማ አታውቅም።

መረጃው ከመኪናዋ ወደ እኔ የሚመጣበት መንገድ ኢኤስፒ-ናው የሚባለው አሠራር ነው። ሁለት የኢኤስፒ32 ቦርዶች ያለ ራውተር በቀጥታ ይነጋገራሉ፤ አንዱ መኪናዋ ላይ፣ ሌላው በዩኤስቢ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። የመጀመሪያው ስሪቱ በአንድ መልእክት እስከ 250 ባይት ይፈቅዳል፤ የእኔው 24 ባይት ብቻ ሲሆን በሰከንድ 20 ጊዜ ይላካል። እያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር ስላለው በመንገድ ላይ ስንቱ እንደጠፋ ወዲያው አውቃለሁ። ሪሞቱም ይህም በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያውክ ቦርዱን በኋላ፣ የሪሲቨሩን አንቴና በፊት በኩል አድርጌ የቦርዱን የመላኪያ ኃይል ቀነስኩ። በአየር ላይ የሚጠፋው እንዳይቆጨኝ ሁሉም በሚሞሪ ካርድም ይመዘገባል። ካርድ ላይ መጻፍ አንዳንድ ጊዜ ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚያስጠብቅ መለኪያውን በአንደኛው ኮር፣ ጽሑፉን በሁለተኛው ኮር ማስኬድ ግድ ነው፤ አለዚያ በመዝገቡ ውስጥ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ይገኛል።

ብልሽቱ ከተፈታ በኋላ መሣሪያውን ልነቅለው አስቤ ነበር፤ ግን ልለየው አልቻልኩም። ቀጥዬ የጨመርኩት የፍጥነት መለኪያ ነው። ከኋላ ቸርኬ ውስጥ ከምስር ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ ማግኔት ለጥፌ፣ ፊት ለፊቱ ማግኔት ሲያልፍ የሚሰማውን፣ ኤ3144 የሚባለውን የሆል ሴንሰር ገጠምኩ። ይህ ሴንሰር ቢያንስ 4.5 ቮልት ይፈልጋል፤ መውጫው ግን ወደ መሬት ብቻ የሚስብ ስለሆነ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት ማንጠልጠል ይበቃል፣ ቦርዱም አይጎዳም። የጎማው ዲያሜትር 110 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ዙር 345 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 32 ጊዜ ይዞራል። መጀመሪያ ላይ መዝገቡ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር የሚል ቁጥር አልፎ አልፎ ያሳየኝ ነበር። የሴንሰሩ ሽቦ ከሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ጋር ተጣብቆ ስለሚያልፍ የሞተሩ ረብሻ የሐሰት ምት ይፈጥራል። ሽቦውን በሌላ ወገን አዞርኩ፤ በፕሮግራሙም ከ10 ሚሊሰከንድ ባጠረ ጊዜ ውስጥ የመጣን ምት እንዲጥል አደረግኩ፤ በዚያ ፍጥነት የሚዞር ጎማ መኪናዋን በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳት ነበርና እውነተኛ ሊሆን አይችልም።

ከዚያ የጂፒኤስ ሞጁል ጨመርኩ። ኔኦ-6ኤም በሰከንድ እስከ 5 ጊዜ ቦታና ፍጥነት ይሰጣል፤ ነገር ግን ከፋብሪካ ሲወጣ በ9600 ባውድ ስለሚናገር፣ በሰከንድ 960 ባይት ያህል ብቻ ያልፋል፤ አምስቱን ጊዜ መረጃውን ከሚጽፍባቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ጋር ለማሳለፍ አይበቃም። ወደ 38400 ከፍ አድርጎ የማያስፈልጉትን ዓረፍተ ነገሮች ማጥፋት ያስፈልጋል። የሁለቱን ፍጥነቶች አንድ ላይ ስስላቸው ያየሁት ነገር ለሰዓታት አስቀመጠኝ። ጎማው በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ሲል ጂፒኤሱ 29 ይላል። ልዩነቱ ጎማው ገረጋንቲ ላይ በከንቱ የሚንሸራተተው ነው፤ ባትሪው የሚበላው ግን ለ38ቱ ነው። ቃታውን በአንዴ ስስበው ልዩነቱ ይሰፋል፣ ቀስ አድርጌ ስስበው ይጠባል። ለዓመታት «እጅህን አለስልስ» ሲሉኝ የነበሩትን ሰዎች ምክር ያን ቀን በሁለት ባለቀለም መስመሮች መካከል ባለው ክፍተት አየሁት። ባለ ጥልቅ ጥርስ ጎማ ከቀየርኩ በኋላ በዚያው ሜዳ ላይ ክፍተቱ ከ9 ወደ 4 ኪሎ ሜትር ወርዷል።

ሙቀቱን የሚለካው ዲኤስ18ቢ20 ነው፤ በሞተሩ ቆርቆሮ ላይ ሙቀት በሚያስተላልፍ ሙጫ ተለጥፏል። አንድ ንባብ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ ግን ሞተር በአንድ ሰከንድ ስለማይግል ችግር የለውም፤ ፕሮግራሙ ቆሞ እንዳይጠብቀው ብቻ መጠንቀቅ ነው። በአዲስ አበባ ላይ ይህ መለኪያ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይቀንሳል። ማቀዝቀዣው ፋን ያው ቢዞርም ገፍቶ የሚያሳልፈው አየር ስስ ነው፤ ሞተሩም ኢኤስሲውም አምራቹ ባሕር ዳር ሆኖ ከሞከረው ይልቅ ይግላሉ። አየራችን ቀዝቃዛ መሆኑ ከዚህ የተወሰነውን ይመልስልናል፣ የፀሐዩ ግለት ደግሞ መልሶ ይወስደዋል። አንድ ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ለስምንት ደቂቃ ነድቼ ሞተሩ 83 ዲግሪ ደረሰ። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ባለ 16 ጥርስ ማርሽ በባለ 14 ስተካው፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ሜዳ 68 ዲግሪ ላይ ቆመ፤ ከፍተኛ ፍጥነቷ በጥቂቱ ቀንሷል፣ ለእኔ ግን ሞተሩ ይበልጥብኛል።

ይህን ሁሉ በዝግጁ ዕቃ ማግኘት እንደሚቻል አውቃለሁ። ቴሌሜትሪ አብሯቸው የሚመጣ ሪሞቶች አሉ፤ መኪናዋ ራሷን ችላ እንድትሄድ ለሚፈልግም ሎሬንዝ ማየር እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ማቭሊንክ የተባለው የመልእክት ቋንቋና አርዱፓይለት ሮቨር የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ እንደ አዲስ መፍጠር አያስፈልገውም። ዝግጁዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት የተለሰለሰ ቁጥር ነው፤ የእኔ ብልሽት የተደበቀው ደግሞ በ40 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነበር።

የእህቴ ልጅ አሁን አዲስ ጥያቄ አምጥቷል። ጎማው መንሸራተቱን መኪናዋ ካወቀች ሞተሩን ራሷ ለምን አትቀንስም አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን የመጀመሪያውን ደንቤን መሻር ይጠይቃል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ በቃታውና በሞተሩ መካከል መግባት አለበት። ስለዚህ ስለ መንሸራተት አንድ መስመር ሳንጽፍ በፊት ስለ መቆም ጻፍን። ከሪሲቨሩ ለ100 ሚሊሰከንድ ምት ካልመጣ ለሞተሩ 1500 ማይክሮሰከንድ እንዲላክ፤ ፕሮግራሙ ቢደነዝዝ የቦርዱ ውስጣዊ ጠባቂ እንደገና እንዲያስነሣው፤ ቦርዱ እስኪነሣ ድረስም ኢኤስሲው ምንም ምት ሳያገኝ ሞተሩን እንዲያቆም አደረግን። ከዚያ መኪናዋን አራቱም ጎማዎቿ አየር ላይ እንዲሆኑ በእንጨት ሣጥን ላይ አስቀመጥናት፤ እኔ ቃታውን እስከ ጥግ ስቤ ይዤ እሱ አንዴ ሪሞቱን ያጠፋል፣ አንዴ የሪሲቨሩን ሽቦ ይነቅላል፣ አንዴ ቦርዱን መልሶ ያስነሣል። ሠላሳ ጊዜ ደገምነው። በሃያ ዘጠኙ ሞተሩ ወዲያው ቆመ። በአንዱ ቦርዱ እየተነሣ ሳለ የሞተሩ መስመር ላይ የተዛባ ምት ወጥቶ ጎማዎቹ ለቅጽበት ዞሩ፤ ምልክት ላኪውን እግር ሲነሣ ጸጥ ብሎ ወደሚቆይ ሌላ እግር ቀይረን፣ ከዚያው እግር ወደ መሬት የሚስብ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር በይደን፣ ቆጠራውን ከአንድ ጀምረናል። መኪናዋ እስካሁን ከሣጥኑ ላይ አልወረደችም።